ያውቁ ኖሯል? ጭኖ የሚነሳው አውሮፕላን

ከሊማሊሞ አናት ቆሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚመለከት ሰው አሞሮች ከእግሩ በታች ሲያንዣብቡ ያያል። እንዲህ ባለ አገር አንበጣ ቢመጣ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ምን ይገጥመዋል? ገደሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና ነፋሱ እንዳሉ ሆነው፣ አብራሪዎችን እጅግ ከሚያሰጓቸው ጊዜያት አንዱ ጎማው መሬት እንደለቀቀ ያለው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። የዛሬው አምዳችን ይህችን ደቂቃ ይዞ ከደባርቅ እስከ ተከዜ፣ ከባሕር ዳር እስከ ኦሃዮ ይዞራል። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎማው መሬት ሲለቅ

1. የእርሻ አውሮፕላን ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚከብደው ሲነሳ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ነዳጁ ሙሉ ነው፤ የመድኃኒት ታንከሩም ሙሉ ነው። ፍጥነቱ ግን ገና ዝቅተኛ ነው፤ ከፍታውም ከዛፍ ጫፍ ብዙም አልራቀም። ክብደት በዝቶ ፍጥነትና ከፍታ የሚያንሱት በአንድ ላይ፣ በዚችው ደቂቃ ነው።

2. ኤር ትራክተር 802 የተባለው ትልቅ የርጭት አውሮፕላን ታንከር 3,028 ሊትር ይይዛል። አውሮፕላኑ ከነጭነቱ እንዲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 7,257 ኪሎ ነው። ታንከሩ በውኃ ቢሞላ ከጠቅላላው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ጭነት ይሆናል ማለት ነው። በየርጭቱ አብራሪው ሁለት ዓይነት አውሮፕላን ያበራል፦ ሲነሳ ከባዱን፣ ሲመለስ ቀላሉን።

3. መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን በቀን ጥቂት ጊዜ ይነሳል። የርጭት አውሮፕላን ግን ታንከሩ ባለቀ ቁጥር ያርፋል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይነሳል። ሥራ በሚበዛበት ወቅት አንድ አብራሪ በአንድ ቀን ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ሊነሳ ይችላል። አስጊዋ ደቂቃም በዚያው ልክ ትደጋገማለች።

4. መንደርደሪያው ብዙውን ጊዜ አስፋልት አይደለም። ከማሳው አጠገብ የተጠረገ ሜዳ ወይም የጠጠር መንገድ ነው። ረዥም ሣር፣ ርጥብ አፈርና ለስላሳ መሬት ጎማ ይይዛሉ፤ አውሮፕላኑ የሚያስፈልገውን ፍጥነት ሳያገኝ ሜዳው ያልቅበታል።

5. ሞተሩ እየሠራም ቢሆን ክንፍ ሊከዳ ይችላል። አብራሪው አፍንጫውን ያለልክ ቀና ካደረገው አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ መፍሰሱን ይተዋል፤ ክንፉም ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ሰማይ ጠቀስ ከፍታ ላይ ከሆነ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ፍጥነት ይመልሳል። 30 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ለመመለሻ የሚሆን ቦታ የለውም።

6. ሲዞሩ ደግሞ ይብሳል። አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ክንፉ የሚከዳበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ያድጋል። በቀጥታ ሲበር በቂ የነበረው ፍጥነት በመታጠፊያው ላይ አይበቃም። የርጭት አብራሪ ደግሞ በእያንዳንዱ ማሳ ጫፍ ላይ መታጠፍ ግዴታው ነው።

7. ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ዞሮ ወደ ተነሳበት ሜዳ መመለስ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አብራሪዎች የሚሠለጥኑት ግን ዝቅ ብለው ሳለ እንዳይዞሩ፣ ፊት ለፊታቸው ካለው መሬት የተሻለውን መርጠው እንዲያርፉ ነው። ዙሩ ራሱ ከፍታ ይበላል፤ የሚበላው ከፍታም የለም።

8. የርጭት አውሮፕላን ከሌላው የሚለይበት አንድ መዳኛ አለው። አብራሪው አንድ እጀታ ሲስብ የታንከሩ ሆድ ተከፍቶ ጭነቱ በሰከንዶች ውስጥ ይራገፋል፤ አውሮፕላኑም ወዲያው ይቀለዋል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ሰው በበዛበት አካባቢ ላይ የሚረጭ አውሮፕላን ቢያንስ የጭነቱን ግማሽ በ45 ሰከንድ ውስጥ መጣል መቻል አለበት።

9. በግማሽ የተሞላ ታንከር ከሙሉው ይልቅ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የአውሮፕላኑን ሚዛንም ይዞ ይሄዳል። በታንከሩ ውስጥ ማዕበሉን የሚሰብሩ ግድግዳዎች የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ደጋና ቆላ፣ ቀጭን አየርና ሙቅ አየር

10. ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው 75 በመቶ ያህሉ ነው። ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከደረሰ ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ለሰው ይህ ትንሽ ማለክለክ ነው፤ ለክንፍ ግን የሚደገፍበት አየር ሲሶው ጠፋ ማለት ነው።

11. ይህ በፍጥነት ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ ያው አውሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ በደባርቅ የቀትር ሙቀት ለመነሳት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ፍጥነት 21 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ያስፈልገዋል። በፍጥነት መለኪያው ላይ ቁጥሩ አይለወጥም፤ መሬቱ ከሥሩ የሚሮጠው ግን በጣም ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ሜዳው መርዘም አለበት።

12. ሞተሩም አብሮ ይደክማል። አየር የሚጨምቅለት መሣሪያ የሌለው የፒስተን ሞተር ደባርቅ ላይ ቢነሳ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያጣል። ክንፉ ተጨማሪ ፍጥነት ሲጠይቅ ሞተሩ ፍጥነት የመስጠት አቅሙ ቀንሷል፤ ሙሉ ጭነት ይዛ ሊማሊሞን እንደምትወጣ አህያ መሆኑ ነው። ዋናው መፍትሔ ጭነት መቀነስ ነው።

13. አዲ አርቃይ ከደባርቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ አየሯም የዚያኑ ያህል ይወፍራል። ነገር ግን ቆላው ይሞቃል። ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አውሮፕላኑ ሜዳው በ36 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ 10 ዲግሪ ሲጨምር 360 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ቁልቁል በመውረድ የተገኘው ጥቅም ከፊሉ በቀትር ፀሐይ ይወሰዳል።

14. በቦሌ አንደኛው መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ይረዝማል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከባድ አውሮፕላኖች ለመነሳት ረዥም ሩጫ ያስፈልጋቸዋል።

15. በተራራ አገር ነፋስም የቀን ሥርዓት አለው። ጠዋት ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታ ሲበርድ ደግሞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጠንካራ ነፋስ ጋራ ተሻግሮ በማዶ ሲወርድ አውሮፕላኑንም ይዞት ይወርዳል። ከተነሳ በኋላ ወደ ተራራ የሚያመራ የተጫነ አውሮፕላን ከሚወርደው አየር የፈጠነ ሽቅብ መውጣት ካልቻለ መሬቱ ይቀድመዋል።

16. ኒውዚላንዶች ይህን ችግር በቁልቁለት ፈቱት። ኮረብታማ ግጦሽ ላይ ማዳበሪያ የሚበትኑ አውሮፕላኖቻቸው ብዙዎቹ የሚነሱት ከተዳፋት ሜዳ ነው፦ ቁልቁል ተንደርድረው ይነሳሉ፣ ሽቅብ ያርፋሉ። ለዚሁ ሥራ የታሰበው ፍሌቸር የተባለው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1954 ነበር።

17. ለደባርቅና ለዳባት መንገደኞች የቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ በደቡብ ያለው የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ነው።

በአባጨጓሬ የተጀመረ ሥራ

18. በአውሮፕላን ተባይ ማጥፋት የተጀመረው በኦገስት 3 ቀን 1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በተባለች ከተማ አጠገብ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጆን ማክሬዲ የተባለ የጦር ሠራዊት አብራሪ ከርቲስ ጄኒ በተባለ አውሮፕላን የካታልፓ ዛፎች ላይ ዱቄት ነሰነሰ። ዱቄቱ ሊድ አርሴኔት፣ ተባዩ አባጨጓሬ ነበር።

19. ከዚያ በፊት በ1906 ኒውዚላንድ ውስጥ ጆን ቼተር የተባለ ሰው ከፊኛ ላይ ሆኖ ዘር በትኗል።

20. ዛሬ ከዓለም ግዙፍ አየር መንገዶች አንዱ የሆነው ዴልታ ሥራውን የጀመረው የጥጥ ተባይ ማጥፊያ በመርጨት ነው። ሀፍ ዳላንድ ደስተርስ በሚል ስም በ1920ዎቹ ተቋቋመ፤ በ1928 ዴልታ ተባለ፤ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ1929 ነው።

21. እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ርጭት በአብዛኛው የሚካሄደው ከጦርነት በተረፉ አውሮፕላኖች ነበር። ለእርሻ ብቻ ታስቦ የተነደፈው ኤ.ጂ. 1 የተባለው አውሮፕላን በቴክሳስ የበረረው በ1950 ነው። ነዳፊው ፍሬድ ዊክ ይባላል።

22. የዊክ ንድፍ መነሻ ጥያቄ «ቢወድቅስ?» የሚል ነበር። በአንዳንድ አሮጌ አውሮፕላኖች ላይ ከባዱ ጭነት ከአብራሪው ጀርባ ይሆንና ሲወድቁ መጥቶ ይጫነው ነበር። ዊክና ተከታዮቹ ታንከሩን ወደ ፊት፣ አብራሪውን ወደ ኋላና ከፍ አድርገው አስቀመጡ፤ ዙሪያውን በብረት ቱቦ አጠሩት፤ በጠንካራ ቀበቶም አሰሩት። ዛሬ የምናያቸው የርጭት አውሮፕላኖች ጀርባቸው የጎበጠው ለዚህ ነው።

23. ከዚህ አስተሳሰብ ጀርባ ሂው ዲሄቨን የተባለ ሰው አለ። በ1917 በበረራ ሥልጠና ላይ ሳለ ከደረሰ የአውሮፕላኖች ግጭት በሕይወት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ከአደጋ የሚተርፈው በዕድል ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም አለ። በ1940ዎቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስለ አደጋ ጉዳት ምርምር አቋቁሞ የመቀመጫና የቀበቶ ንድፍ እንዲሻሻል አደረገ። የመኪና ቀበቶም የዚህ ዘርፍ ተጠቃሚ ነው።

24. በዓለም ላይ በብዛት የተመረተ ብቸኛው ባለ ድርብ ክንፍ ጄት የእርሻ አውሮፕላን ነው። ፖላንድ ውስጥ በ1970ዎቹ የተሠራው ኤም 15 ይባላል። ነዳጅ በላተኛ ስለነበር ብዙ አልዘለቀም።

25. ቀድሞ ሰው ባንዲራ ይዞ ማሳው ላይ ቆሞ ለአብራሪው መስመር ያሳይ ነበር፤ መድኃኒቱም አብሮ ያርፍበት ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሳተላይት የሚመራ አቅጣጫ ጠቋሚ ባንዲራ ያዡን ከማሳው አስወጣው።

26. የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2013 ብቻ ከእርሻ ሥራ ጋር የተያያዙ 78 የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር አደጋዎችን መዝግቦ ልዩ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ካነሳቸው ጉዳዮች መካከል የአብራሪ ድካም፣ የጥገና ጉድለትና አደጋን አስቀድሞ አለመመዘን ይገኙበታል።

የሚረጭባቸው

27. አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረሃ አንበጣ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ቀን የሚበላውም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው።

28. እያንዳንዱ አንበጣ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በቀን የራሱን ክብደት ያህል ይበላል። ነፋስ ካገኘ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዳባት ላይ የታየ መንጋ በማግሥቱ ተከዜን ተሻግሮ ቢገኝ አይግረምዎ።

29. በ1988 መንጋው ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ደሴቶች ደርሷል። 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ የጨረሰው በ10 ቀን ገደማ ነው።

30. ዝናብና ልምላሜ ከተመቸው አንበጣ በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር 8,000 እጥፍ ይራባል። ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ መሬት ለመሬት ሲዘል ሳለ መርጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ መንጋውን በጀርባ በሚታዘል መርጫ ማሳደድ አይቻልም፤ አውሮፕላን የሚጠራው ያኔ ነው።

31. በ1958 አንበጣ ኢትዮጵያ ውስጥ 1.67 ሚሊዮን ኩንታል እህል አጠፋ። ይህ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለአንድ ዓመት የሚቀልብ ነበር።

32. ከ2019 ጀምሮ የመጣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያና በሶማሊያ በ25 ዓመት፣ በኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። በ2020 የጸደይ ወራት በወጣ ግምገማ መሠረት በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ተጎድቷል፤ ከ3.5 ሚሊዮን ኩንታል በላይ እህልም ጠፍቷል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ራያና ቆቦ ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበና ጅራፍ እያጮኸ ማሽላውን ለማዳን ታገለ።

33. ለአንበጣ የሚረጨው መድኃኒት እንደ ዝናብ የሚወርድ እንዳይመስልዎ። ለ1 ሄክታር፣ በእኛ ገበሬ ልክ ለ4 ጥማድ ያህል፣ የሚበቃው ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ብቻ ነው። የሚሽከረከር መርጫ ፈሳሹን ዓይን ወደማያየው ጠብታ ይሰባብረዋል፤ ነፋስ ደግሞ ያዳርሰዋል።

34. ስለዚህም ጥሩው የርጭት ሰዓት ማለዳና ወደ ማታ ነው። ቀትር ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጠብታውን ይዞት ይሄዳል። ደግነቱ ቀዝቃዛው ማለዳ ለአውሮፕላኑም ይሻላል፤ አንበጣውም ፀሐይ ሳይሞቀው አይነሳም። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ።

35. ግሪሳን በዓለም ላይ በብዛት የሚተካከለው የዱር ወፍ የለም። አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን መንጋ ግን በአንድ ቀን 200 ኩንታል ይጨርሳል። ርጭቱ የሚካሄደው ወፎቹ ለማደር ሲሰበሰቡ፣ በምሽት ነው። ለአብራሪው ዝቅ ብሎ መብረርና መጨለም አብረው ይመጡበታል።

በእኛ ሰማይ

36. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ስሙ «እሸት» ነበር። አግ ካት ከተባለው የአሜሪካ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በፈቃድ የተወሰደ ሲሆን ተርባይን ሞተር ተገጥሞለታል። የአግ ካት የመጀመሪያ ናሙና የበረረው በ1957 ነው።

37. የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት የተመሠረተው በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። ሥራው አንበጣ ብቻ አይደለም፤ ግሪሳ፣ ተምችና ቆላ ዝንብም አሉበት። አውሮፕላኖቹ በአባል አገሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ይረጫሉ፤ አንበጣ ድንበር አያውቅምና።

38. በጃንዋሪ 2020 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ ድሬዳዋ ሲያመራ የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። አንበጣው ሞተሮቹን፣ የፊት መስታወቱንና አፍንጫውን መታው። አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ አዲስ አበባ ሄዶ በሰላም አረፈ።

39. በአማራ ክልል ከመነሳት በኋላ ከደረሱት አደጋዎች የሚታወሰው የባሕር ዳሩ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 604 የሆነው ቦይንግ 737 ወደ አሥመራ ለመሄድ ሲነሳ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑም ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ ወርዶ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ።

40. ወፍና አውሮፕላን የሚጋጩት በአብዛኛው ዝቅ ባለ ከፍታ ነው፤ ከመቶ ዘጠናው ከመሬት እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ባለው ውስጥ ይደርሳል። የርጭት አውሮፕላን ደግሞ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እዚያው ነው።

41. ለየት ያለውን ክብረ ወሰን የያዘው ግን የስሜን ገደሎችም የሚያውቁት አሞራ ነው። በኖቬምበር 29 ቀን 1973 አቢጃን ላይ አንድ የሩፔል ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ዋልያን በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀውም እርሱ ራሱ ነው።

የተከዜ መርዝ

42. ከስሜን ሥር እስከ ተከዜ ባለው አገር ከአውሮፕላን የሚወርድ ኬሚካል አስቀድሞ የመጣው ለሰብል አልነበረም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጓና ላይ የኢጣሊያን ጦር ካሸነፈ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመሻገሪያው አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ራስ እምሩ ራሳቸው ቆዳ የሚልጠውን ፈሳሽና ሰዎቹ የደረሰባቸውን ሥቃይ በኋላ ተናግረዋል።

43. በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲናገሩ አውሮፕላኖች ላይ ልዩ መርጫ መገጠሙን፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ መርዙን እንደ ዝናብ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ ማውረዱን አስረድተዋል። ተባይ ለማጥፋት ከተጀመረ ገና 15 ዓመት ያልሞላው ዘዴ ሰው ላይ ዋለ።

አውሮፕላኑ ሲመጣ፣ ቢወድቅም

44. ርጭት ሲታወጅ የልማት ሠራተኛው «ከብቶቻችሁን ከግጦሹ አርቁ፣ ቀፎ ክደኑ» የሚለው ለወጉ አይደለም። አንበጣ የሚገድለው መድኃኒት ንብንም ይገድላል። ኢትዮጵያ ደግሞ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት።

45. ከተረጨ በኋላ የሞተ አንበጣ ለዶሮም ለሰውም ምግብ አይሆንም። ባዶው የመድኃኒት ጀሪካንም ቢታጠብ እንኳ ውኃ አይቀዳበትም፣ ጠላ አይጠነሰስበትም።

46. ለአንበጣ ከሚረጩት መካከል ማላታይዮንና ክሎርፓይሪፎስ የነርቭን ሥራ የሚያውኩ ናቸው። መርዙ የነካው ሰው የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ያልበዋል፤ ምራቁ ይበዛል፤ ያስመልሰዋል፤ መተንፈስ ያቅተዋል። ለአብራሪ የብሌን መጥበብ ብቻውን አደጋ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ሽቦና ቅርንጫፍ ይሰወሩበታል።

47. እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ልብሱን ማውለቅ፣ ሰውነቱን በብዙ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ጽሑፍ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይሰጥም። ሐኪም ዘንድ አትሮፒን የተባለ ማርከሻ አለ።

48. የርጭት አውሮፕላን ወድቆ ቢያዩ ሁለት አደጋ አብሮ አለ፦ ነዳጅና መርዝ። የሚጠጉት ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ነው። ክብሪትና ሲጋራ አይታሰብም። አብራሪውን የሚያወጣ ሰው እጁንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሕፃናትና ከብት ይራቁ፤ ፈሳሹ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ የሚወርድ ከሆነ ከታች ያሉት ቀበሌዎች ውኃ እንዳይቀዱ ይነገራቸው።

49. ስብርባሪ ማንሳትና ለመታሰቢያ መያዝ ምርመራውን ያበላሻል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መሠረት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ ይጠበቃል። በአገራችን ይህን የሚሠራው የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ነው።

50. በመጨረሻም፦ ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚይዙት የበረራ መዝጋቢ ሣጥን በአብዛኞቹ ትንንሽ የርጭት አውሮፕላኖች ላይ እንደማይገኝ ያውቁ ኖሯል? ስለዚህ ለመርማሪው ዋናው መዝገብ መሬት ላይ የነበረው ሰው ነው። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይጮህ ነበር ወይስ ዝም አለ? ጭነቱን ሲያራግፍ ታይቷል? ነፋሱ ከየት ነበር? አፍንጫው ቀና ብሎ ነበር ወይስ አጋድሎ ይዞር ነበር? እነዚህን አራት ነገሮች በዚያው ዕለት፣ ከጎረቤት ወሬ ጋር ሳይቀላቅል የሚናገር አንድ እረኛ ለቀጣዩ አብራሪ ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።